ሞተሪኖ

ቤታችን ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ወገብ ወደ ከተማው በሚወርድ ቁልቁለት ዳር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ የደጃችንን ኮብልስቶን እየነቀለ ይወስዳል፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነም ከመቀመጡ በፊት ትንፋሹን ይሰበስባል። አባቴ ግን ስለዚህ ቁልቁለት ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም እንደ ንብረት ይቆጥሩት ነበር። መኪናቸው የምትነሳው በእሱ ነበረና።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ክብ መብራት፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚያልቅ ጣሪያ። ፊያት ይህችን ሞዴል ለዓለም ያሳየው ጄኔቫ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ አባቴ ደግሞ አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ጣሊያናዊ ላይ የገዟት በ1967 ዓ.ም. ነው። (የእነሱ 1967 እና የእኛ 1967 በሰባት ዓመት እንደሚራራቁ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ስለሆነ፣ ለብዙ ጊዜ አባቴ መኪናዋን ከፋብሪካው በር ላይ የተቀበሏት ይመስለኝ ነበር።) ኮፈኗን የከፈተ ሰው አንድ ሺሕ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ሲሲ የሆነ ሞተር ያገኛል፤ ከላዩ ሁለት ካምሻፍት የተሸከመ፣ ቀድሞ ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው ሞተር። ያን ጊዜ ሌሎች በሰንሰለት የሚያዞሩትን ካምሻፍት እሱ ጥርስ ባለው የጎማ ቀበቶ አዞረው። አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮፈኑን ከፍተው ስለዚያ ቀበቶ ሳይናገሩ ቡና አያስፈሉም ነበር።

ይህ ሁሉ ውበት ታዲያ በራሱ አይነሳም። በግፊ ነው።

ሥርዓቱን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። አባቴ ከመሪው ኋላ ይቀመጣሉ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ይሞክሩታል፤ ከኮፈኑ ሥር እንደ ሽማግሌ ሳል የመሰለ «ኧ… ኧ…» ይሰማል፤ ከዚያ ዝም። አባቴ ማርሽ ሁለት ያስገባሉ፣ ፍሪሲዮን ይረግጣሉ፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «በሉ!» ይላሉ። እኔ፣ እኅቴና ያገኘነው የጎረቤት ልጅ ሁሉ ትከሻችንን ከኋላ እናስጠጋለን። መኪናዋ አሥር፣ አሥራ አምስት እርምጃ እንደወረደች ፍሪሲዮኑን ይለቁታል፤ ገላዋ በሙሉ ይንቀጠቀጥና ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ማቆም ስለማይቻል ሮጠን መሳፈር የእኛ ፋንታ ነው። ጫማዬ የጠፋበት ቀን አለ። እኅቴ በዝናብ ቀን ወድቃ ጉልበቷን የተላጠችበት ጠባሳ ዛሬም አሜሪካን አገር ድረስ አብሯት ሄዷል።

በ1990 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና የጀመርኩበት ማለዳ ነው ክፉኛ የተቀየምኳቸው። ብርድ ነበር፤ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተገፍታ አልነሳ አለች፤ ቁልቁለቱ አለቀ። እኔ ሸሚዜ በላብ ተጣብቆ፣ እጄ በአቧራ ጠቁሮ፣ በእግሬ እየሮጥኩ ፈተና ገባሁ። የዚያን ዕለት ማታ «አባባ፣ ሞተሪኖውን ለምን አያሠሩትም? መለዋወጫው እኮ አሁን እንደ ልብ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በልመና ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሶማሌ ተራ ሄዶ ያልተገኘ ዕቃ አልነበረም። አባቴ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ «ሞተሪኖውን ማንም አይነካውም» አሉ። ስስት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለሃያ ምናምን ዓመት በዚያው ድምዳሜ ኖርኩ።

እናቴ ዐረፈች። እኅቴ ሄደች። የጎረቤት ልጆች አደጉ፤ የራሳቸው መኪና ገዙ። የሚገፋ ሰው ሲጠፋ፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ፣ አባቴ መኪናዋን ግቢ ውስጥ በድንኳን ሸራ ሸፍነው አቆሟት። እዚያው ቀረች።

ባለፈው ዓመት አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰው በወሬ ወሬ ሰምቶ ደወለልኝ። መጥቶ አያት፤ ሸራውን ሲገልጠው እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያቀረበው ዋጋ ግን የእኔን ጉልበት አንቀጠቀጠው። አንድ ቃል ብቻ አከለ፦ «በራሷ ተነስታ ልስማት።» እኅቴ በስልክ «ሽጠው፤ ለአባባ ሕክምና ይሆናል፤ ሞተሪኖ ከሆነ ችግሩ ከዚህ አዲስ ገዝቼ እልካለሁ» አለችኝ። እውነት ነው፤ ለእነዚህ መኪኖች ዛሬ ጥርስ በጥርስ የሚያዞር፣ አነስ ቀለል ያለ፣ ጉልበቱ ግን የበረታ ሞተሪኖ በውጭ አገር ይሸጣል። አባቴን ጠየቅኳቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው «እንዳየህ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ «እንዳየህ» ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሠፈራችን ያለ መካኒክ ጠራሁ። ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጋራዥ የገባ፣ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይችል፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገር የሚውል ሰው። «ክሪክ አምጣ»፣ «ካቻቢቴ ስጠኝ»፣ «ካንዴላዎቹ ይውጡ»፣ «ይሄ ዳዶ ዝጓል»። የአድዋ ልጆች ጦርነቱን ቢያሸንፉም ጋራዡን ለጣሊያን የተዉለት ይመስላል። «ሞተሪኖ» የሚለውን ቃል ራሱን ብንወስድ በምንጩ «ትንሽ ሞተር» ማለት ብቻ ነው፤ ዛሬ ሮም ላይ «ሞቶሪኖ» ብትሉ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ያመጡላችኋል። እኛ ግን ቃሉን ትልቁን ሞተር ለሚቀሰቅሰው ለዚያ ለትንሹ ብቻ አቆየንለት። ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ከሺሕ ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ የማይነሳ ዕቃ፣ እንቢ ያለ ቀን ብቻ የሚታወስ።

የታሪኩ መነሻም ደስ ይላል። ድሮ ሞተር የሚነሳው ከፊት በሚሰካ የብረት እጀታ በሰው ክንድ ተዘውሮ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የመታ እንደሆነ እጀታው የዘዋሪውን ክንድ ይሰብራል። ዴይተን ኦሃዮ ውስጥ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ መሐንዲስ መጣ። ቀደም ሲል የገንዘብ መቀበያ መኪና በኤሌትሪክ እንዲከፈት ያደረገ ሰው ነው፤ ከዚያ ሥራው የተማረውን ነገር ወደ አውቶሞቢል አሻገረው። ትንሽ ሞተር ለሰኮንዶች ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ቢጫንበት አይቃጠልም፤ ሳይግል ሥራውን ጨርሶ ያርፋል። በዚህ ሐሳብ የ1912 እ.ኤ.አ. ሞዴል ካዲላክ ያለ እጀታ ተነሳ። አባቴ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ እንደነበር አውቃለሁ። የገዛ መኪናቸውን እያስገፉ!

ወደ ግቢያችን ልመለስ። መኪናዋ ከአሥር ዓመት በላይ ስለቆመች በአንድ ጀምበር የምትቀሰቀስ አልነበረችም። የሸተተውን ቤንዚን አስወጣን፣ ካርቡራተሩን ፈታን፣ ያ የተከበረ ቀበቶ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ቀየርነው፣ ሞተሩንም መጀመሪያ በእጅ ቀስ አድርገን አዞርነው። አዲስ ባትሪ ገባ። ቴስተሩ 12.6 ቮልት አነበበ። ቁልፉን አዞርኩ።

«ቀጭ» አለ። ከዚያ «ኧ… ኧ…»

በልጅነቴ የሰማሁት ያው ሳል ነበር። ቁልፉን እንደያዝኩ ጥቂት ጊዜ ሳልንቀሳቀስ ቀረሁ።

መካኒኩ ግን ሳሉን በሌላ ጆሮ ነው የሰማው። የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ሞተሪኖው ራሱ ላይ፣ ወፍራሙ ሽቦ ከሚታሰርበት ብሎንና ከገላው ላይ አሳርፎ «አዙር» አለኝ። አዞርኩ። ከሥር ሆኖ ሳቀ። «ጤነኛ ሞተሪኖ ሲጎትት ባትሪውን ያስጨንቀዋል፤ ቮልቱ ወደ አሥር ግድም ይወርዳል። ይሄ አሥራ ሁለትን አልለቅም ብሏል። ሽቦው ደኅና፣ ባትሪው ደኅና። ኤሌትሪኩ በሩ ድረስ ደርሷል ወንድሜ፤ የጠፋው ቤት ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ላስልክ?»

«መጀመሪያ ቤቱን እንይ።»

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ አንድ ክንድ ብቻ በሚገባበት ጠባብ ቦታ ተጋድሞ፣ ሰዓት የሚያህል ጊዜ ሲሳደብና ሲያንጎራጉር ቆይቶ ሞተሪኖውን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ክብደቱን ስቀበለው ደነገጥኩ። ዘይትና አቧራ ቆዳ ሠርቶለታል። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው «ማኜቲ ማሬሊ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ፊያት ራሱ ከኤርኮሌ ማሬሊ ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1919 ያቋቋመው ድርጅት ነው። ከፊት ያለችው ጥርሷ፣ ቮላኖውን የምትነክሰዋ፣ ብዙም አልተበላችም። መበላት ያለባትን ያህል አልሠራችማ፤ ሥራዋን እኛ ነበር የምንሠራላት። የነሐሱ ቡሽ ግን ላልቷል።

የኋላ ክዳኑን ፈታው። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ መሐል ላይ የሚሽከረከረው አካል ጫፉ ላይ በመዳብ ቁራጮች የተደረደረ ቀለበት አለው፤ በዚህ ቀለበት ዙሪያ አራት ካርቦኖች በሞላ እየተገፉ ይሳሙታል፤ ኤሌትሪኩ የሚገባውም የሚወጣውም በእነዚህ በሚፋተጉ ከንፈሮች ነው። ሰባት እያለ የሚያልቅ ነገር ካለ እነሱ ናቸው።

መካኒኩ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞረና ዝም አለ። ከዚያ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

ከአራቱ ሁለቱ ያለቁ ቢሆኑም ወደ መዳብ የሚያደላ ቀለም ነበራቸው፤ የፋብሪካ ናቸው። ሁለቱ ግን ጥቁር ነበሩ፣ ከሰል የመሰሉ። በፒንሳ አወጣቸው። እያንዳንዱ አንድ ዕቃ አልነበረም። ሁለት ክብ ዘንግ ጎን ለጎናቸው በሞረድ ተልጎ፣ ተገጣጥሞ፣ ቦይ ተበጅቶለት፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ የታሰረ ነበር። ጥምጥሙ ያምር ነበር፤ እንደ ሽሩባ። ሽቦውን ሳየው ከካውያ ገመድ የተፈታ መሆኑን ለየሁት፤ የቤታችን ካውያ ገመዱ አጭር ሆኖ ሲያስቸግረን ነው ያደግነው።

መካኒኩ አንዱን ሲሚንቶው ላይ ፈገፈገው። ጥቁር መስመር ጻፈ።

«የባትሪ ድንጋይ!» አለ። «የሬዲዮን ባትሪ ድንጋይ ሰብሮ፣ መሐሉ ያለችውን ዘንግ አውጥቶ ነው የሠራው። ይኸውልህ፣ የሞተሪኖ ካርቦን መዳብ የተቀላቀለበት ነው። ከመቶ በላይ አምፔር በአንዴ ስለሚያልፍበት። ይሄ ንጹሕ ካርቦን ነው፤ ኤሌትሪኩን አንቆ ይይዘዋል። ያዞራል፣ ግን ጉልበት የለውም። በሙቀት ቀን ያነሳላችሁ ይሆናል፤ በብርድ ወይ ፍንክች።» ጥምጥሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «የሠራው ሰው እጁ አይሰንፍም። መካኒክ ግን አይደለም።»

እኔ ሲሚንቶው ላይ ያለውን መስመር እያየሁ ነበር።

ስድስት ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከቤቱ ጓሮ ተቀምጧል፤ አፍንጫውን በክንዱ ይጠርጋል፤ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ጥቁር ናቸው። አንድ የተሰበረ ጥቁር ዘንግ ይሰጠኛል፤ በእሱ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሰምራለሁ። እናቴ መስመሩ አልለቅም ብሏት ለሳምንት ትጮህብኛለች። ወንድሜን ከማስታውስባቸው አራት ወይም አምስት ሥዕሎች አንዱ ይህ ነው። ጥቁሩ ዘንግ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤው ከናቅፋ ግንባር በጥር 1980 ተጻፈ፤ በመጋቢት ናደው ዕዝ አፍአበት ላይ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣ ወረቀት የለም፤ የመጣ ሰው የለም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ሳሎን ያለው ፎቶግራፉ ጥቁር ጨርቅ ሳይለብስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላው።

ጥቁሮቹን ካርቦኖች በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ወደተቀመጡት አባቴ ሄድኩ። መነጽራቸውን አልፈለጉም። ወረቀቱን ስገልጠው በጣታቸው ነኩትና ወዲያው አወቁት።

«ሰባት ድንጋይ ነው ያበላሸው» አሉ። «ሦስቱ ተሰበሩበት። አራቱን ሠራ።»

ዝም አልኩ።

«በ1978 ነው፤ በሐምሌ። የማታውን ዜና ልሰማ ሬዲዮኑን ብከፍተው ጸጥ። ድንጋይ ያን ጊዜ እንዲህ በየሱቁ የሚገኝ እንዳይመስልህ። ተቆጣሁት። ክፉኛ ተቆጣሁት። ምንም ሳይመልስልኝ ወጣ። ከዚያ ከደጅ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ማንም ሳይገፋት።»

«መዳብ የሌለው ካርቦን እንደማይሆን ያውቁ ነበር፣ አባባ። ፊዚክስ እኮ ያስተማሩ ነዎት።»

«አውቃለሁ። በሳምንቱ ሰንፋ ነበር። አልነገርኩትም።»

«ለእኛስ? ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስገፉን?»

ጥምጥሙን በጥፍራቸው እየተከተሉ ቆዩ። «መርዶ ያልመጣበትን ሰው ሥራ ማን ይነቅላል?» አሉ።

ከግቢው መካኒኩ ብረት ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር። ፈተና የገባሁበት ማለዳ ትዝ አለኝ፤ ስለ እሱ ምንም ማለት አልቻልኩም። አባቴ ወረቀቱን መልሰው አጠፉት፤ ለእኔ ግን አልመለሱልኝም። ከጋቢያቸው ሥር ከኮታቸው ኪስ ከተቱት። «ተወው፣ ሥራው። አሁን ይሠራ» አሉኝ።

በማግሥቱ ከመካኒኩ ጋር ሶማሌ ተራ ወረድን። ለፊያት 124 የሚሆን ካርቦን አላገኘንም። መካኒኩ አልተጨነቀም፤ ከአንድ ሱቅ የላዳ ካርቦን አንሥቶ በመዳፉ መዘነው። ነገሩ የሩቅ ዝምድና አለው። ሶቪየቶች የፊያት 124ን የቤት መኪና ፈቃድ ገዝተው፣ ሞተሩንና ሌላም ብዙ ነገር ለውጠው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ከተማ ላይ ላዳ እያሉ ሠርተውታል፤ አዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት የተሳፈረችባቸው እነዚያ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች የእኛይቱ ኩፔ የአጎት ልጆች ናቸው። ካርቦኑ በመጠኑ ስለሚሰፋ ቤት ወስዶ በሞረድ አሳነሰው፤ የመዳቡን ቀለበት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳው፤ አዲስ ቡሽ አስቀጠቀጠ፤ ሽቦውን በየደ። የሞረዱ ዱቄት መዳብ መዳብ ይሸት ነበር። ለእኅቴ አዲሱን እንዳትልክ በስልክ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነ ስነግራት መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ድምፅዋ ጠፋ።

ሞተሪኖው ቦታው በገባበት ከሰዓት በኋላ አባቴ በከዘራቸው ተደግፈው ግቢ ወረዱ፤ አንዱን እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። እኔ መሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ልማድ ሆኖብኝ እግሬ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ እጄም ማርሽ ሁለት ሊያስገባ ሄደ። መካኒኩ «ኧረ ዜሮ! ዜሮ አድርገው!» ብሎ ጮኸ።

አዞርኩ። ሳል የለም። አንድ አጭር፣ ጥርት ያለ «ዥው» ተሰማና ሞተሩ ተነሳ፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ወጥቶ የእናቴን የጽጌረዳ ዛፍ አለበሰው። ጎረቤት ያሉ ልጆች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አወጡ።

«አጥፋው» አሉ አባቴ።

አጠፋሁት።

«እንደገና።»

አስነሳሁት። አራት ጊዜ እንዲህ አደረጉኝ። በአራተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ማንም ሳይገፋት።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ። ገዢው ነው፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊሰማት ቀጠሮ ነበረን። እጄ በቅባት ስለጠቆረ ይሁን በሌላ ምክንያት አላነሳሁትም። መካኒኩ ዕቃውን ሰበሰበ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ከሸራው ሥር ለምን እንደገና እንደምንደብቃት እየገረመው ሄደ።

መኪናዋን ወደ ቦታዋ ልመልሳት ማርሽ ሳስገባ አባቴ በከዘራቸው መስኮቱን መታ መታ አደረጉ።

«ቁልቁል አዙረህ አቁማት» አሉኝ።

አዙሬ አቆምኳት።